ላብራቶሪ ሳትሄዱ የአፈራችሁን ጤና እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ጥሩ አፈር ግማሹ ባዶ ቦታ ነው። ቀልድ አይደለም። በግምት 45 በመቶው ማዕድን ነው። 5 በመቶ ያህሉ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ሌላ ሕይወት የነበረው ነገር ነው። ቀሪው ውሃና አየር የሚፈራረቁበት ክፍተት ነው። አፈር ለተፈጥሮም ለእኛም የሚሠራው ዋና ሥራ የሚከናወነው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ዝናብ የሚጠራቀመው፣ ሥር የሚተነፍሰው፣ ወደ ከርሰ ምድር የሚወርደው ውሃም የሚጣራው እዚያ ነው።

ስለዚህ ፍተሻው አንድ ጥያቄ ይመልስልናል፤ ክፍተቱ አለ ወይስ ተደፍኗል? አካፋ፣ ማስመሪያ፣ ላስቲክ፣ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ፣ አንድ ብርጭቆ፣ ትንሽ ወንፊት፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ውሃ ካላችሁ ይበቃል። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ያልጨቀየበትን ቀን ምረጡ።

1. ቆፍሩ፣ እዩ፣ አሽትቱ

ወርዱም ርዝመቱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። አፈሩን ላስቲክ ላይ አውጡት። መጀመሪያ ሥሮቹን ተመልከቱ። ቁልቁል የሚወርድ ሥር ጥሩ ምልክት ነው። መሃል ላይ ደርሶ ወደ ጎን የታጠፈ ከሆነ ግን ከታች የተጠቀጠቀ፣ ድርቅ ያለ ንጣፍ አለ ማለት ነው።

ከዚያ አፈሩን እየፈረፈራችሁ የምድር ትሎችን ቁጠሩ። 10 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። የሚቆፍሩት መተላለፊያ ለውሃና ለአየር መንገድ ነው። በደረቅ ወቅት ግን ወደ ታች ስለሚሸሹ፣ ትል ጠፋ ብላችሁ ቶሎ አትፍረዱ።

አሁን እፍኝ አፈር አንስታችሁ አሽትቱ። ዝናብ ሲጀምር የሚመጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ አይደል? ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ሽታ ነው። በብዛት የሚያመርቱት ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። በነገራችን ላይ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. የተገኘውና የሳንባ ነቀርሳን ለማከም የዋለው ስትሬፕቶማይሲን የወጣው ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች ነው። ከአፈር የምናገኘው እህል ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ንገሩት። የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ ደግሞ ውሃ ተኝቶበት አየር አጥቷል።

2. በጠርሙስ በጥብጡት

ጠርሙሱን እስከ ሲሶው አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉት። ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፤ በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል። ደለሉ በሁለት ሰዓት ያህል፣ ሸክላው ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይከተላል። የንብርብሮቹን ውፍረት ለኩና አወዳድሩ፤ አፈራችሁ ወደ አሸዋማነት ወይስ ወደ ሸክላማነት እንደሚያደላ ይነግራችኋል።

3. ጓሉን ውሃ ውስጥ ንከሩት

አንዱን ፍተሻ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምመርጠው። ሁለት ትንንሽ ጓሎች ውሰዱ፤ አንዱን በየጊዜው ከሚታረስ ወይም ከሚረገጥ ቦታ፣ ሌላውን ከዛፍ ሥር ወይም ሣር ካልተነቀለበት ዳርቻ። ሁለቱንም በጥላ አድርቁ። ከዚያ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ፣ በወንፊት ላይ አድርጋችሁ ተራ በተራ ንከሯቸው።

የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ፍርክርክ ብሎ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ሁለተኛው እንዳለ ይቆያል። ማዕድኑ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ሙጫው ላይ ነው። ሥሮች፣ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ነገር ቅንጣቶቹን አጣብቆ ይይዛቸዋል። አፈሩ ያለ ዕረፍት ሲገላበጥና ራቁቱን ሲቀር ያ ሙጫ ያልቃል።

ብርጭቆው ውስጥ ያያችሁት ነገር ዝናብ ሲመታ ማሳ ላይ ይደገማል። የፈረሰው ደቃቅ አፈር ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መስረግ ያቃተው ውሃ በላይ በላዩ እየሮጠ ለሙን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። አንድ ሴንቲሜትር አፈር ለመፈጠር ደግሞ መቶ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

4. ውሃው ምን ያህል ይሰርጋል?

የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ውሃ ሙሉትና እንዲሰርግ ተዉት። እንደገና ሙሉትና በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ ለኩ። ከ2.5 እስከ 7.5 ሴንቲሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ሥር ሊታፈን ይችላል። በጣም ከፈጠነ ደግሞ አፈሩ ውሃ መያዝ አቅቶታል።

ናይትሮጅንን፣ ፎስፈረስንና የአሲድነትን መጠን በዚህ መንገድ አታውቁም። ለእነሱ ላብራቶሪ ያስፈልጋል።

5. ውጤቱ ካላማረስ?

የሚገርመው፣ ውሃ ለማይዘው አሸዋማም ውሃ ለማያሰርገው ሸክላማም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ብስባሽ። ላዩ ላይ ጨምሩ፤ መሬቱን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል አልብሱት፤ ቁፋሮ ቀንሱ፤ እርጥብ ሲሆን አትርገጡት። ሸክላ አፈርን ለማላላት አሸዋ ጨምሩበት የሚል ምክር ከሰማችሁ ግን አትሞክሩት። ትንሽ አሸዋ ከሸክላ ጋር ሲደባለቅ ክፍተቱ ጭራሽ ይደፈናል፤ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይጠነክራል።