ሐረር ላይ ጠገራ ብር ስትገዙ ሚዛን ያዙ

ጀጎል ውስጥ የድሮ ጌጥ ስታዩ «1780 ተጽፎበታል፣ የዚያን ዘመን ነው» ብትባሉ አትቸኩሉ። ምስሏ ጠገራ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ በ1780 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከሞተች በኋላ የተመታው ጠገራ ብርም ሁሉ ያንኑ ዓመት ነው የያዘው። ዓመቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም።

እስከ 0.1 ግራም የምትለካ የኪስ ሚዛን ትበቃለች። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ወርዱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ብዙ እጅ ያለፈበት ትንሽ ሊቀል ይችላል፤ 24 ወይም 25 ግራም ከሆነ ግን ተዉት። ለአንገት ጌጥ ጆሮ የተበየደለት ሲሆን ሚዛኑ ያሳስታል። ያኔ ጠርዙን በጥፍር ዳስሱ፦ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት ሊኖሩት ይገባል። በቅርጽ የፈሰሰ ኮፒ ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ ወይም ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል።

ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ናስም አይሳብም።

ከገዛችሁ በኋላ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ጥቁረቱን ነው። ጥንታዊ ዕቃ ከአገር ለማውጣት ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።