ቆሮሶን ከሐዋሳ ሐይቅ የሚያጠፉ ስህተቶች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ጠዋት ከጀልባ የሚወርደው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) መጠኑ አንሶ ሲታይ፣ አብዛኛው ሰው «አስጋሪው በዛ» ብሎ ያልፋል። መብዛቱ እውነት ነው። ሐይቁን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ገና አንዴ እንኳ ያልወለደውና በመውለድ ላይ ያለው ዓሣ መያዙ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ አይታይም። ከሌላ ሐይቅ መጥቶ ጉድለቱን የሚሞላ ዓሣ የለም፤ ያለቀውን የሚተካው እዚሁ የሚወለደው ነው።

«ዓሣ እንቁላሉ ብዙ ነው፣ አያልቅም» ብሎ ማሰብ

ይህ ለአምባዛ ቢባል ያስኬዳል፤ አንዲት ትልቅ አምባዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የቆሮሶ ነገር ሌላ ነው። ወንዱ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ ክብ ጎድጓዳ ስፍራ ያዘጋጃል። ሴቷ እዚያ ጥቂት መቶ፣ ትልቅ ከሆነች ደግሞ ከሺህ የሚበልጥ እንቁላል ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። በአራት አምስት ቀን አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉም ሁለት ሳምንት ገደማ ትጠብቃቸዋለች፤ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። መረብ ሲይዛት ያቀፈችውን ትተፋዋለች። ጀልባው ወለል ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል ቢጫ እንቁላል ተበትኖ ከታየ፣ ከእናቲቱ ጋር ልጆቿም አብረው አልቀዋል ማለት ነው።

በየውቅያኖሱ ሻርኮችን ያመነመናቸውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ጥቂት ይወልዳሉ፣ ያውም ብዙዎቹ ዓመታት ቆይተው ነው ለመውለድ የሚደርሱት። ቆሮሶ ቶሎ ስለሚደርስ ፋታ ካገኘ ከሻርክ ፈጥኖ ያገግማል። ለዚህ ሐይቅ ትልቁ ተስፋ ይህ ነው።

የመረብ ዓይንን በግምት መግዛት

የሐዋሳ ቆሮሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልደው ርዝመቱ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። ዓይኑ ተወጥሮ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ በብዛት የሚይዘው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለውን፣ ማለትም ገና ልጅ የሆነውን ዓሣ ነው። 8 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለመውለድ አፋፍ ላይ ያለውን ይይዛል። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን ትንሹን አሳልፎ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ያስቀራል፤ መምረጥ ያለብዎት ይህን ነው።

ችግሩ «አሥር ነው» ሲባል ምኑ እንደተለካ አለመጠየቁ ነው። የአንዱ ዓይን ጎን ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ተወጥሮ ሲለካ 10 ይሆናል። ሻጭና ገዢ በተለያየ አለካክ ሲነጋገሩ የግማሽ ልዩነት ይመጣል። መረቡን ውሃ ነክረው፣ አሥር ዓይኖች በተከታታይ ወጥረው በሜትር ይለኩና ለአሥር ያካፍሉት። አንድ ዓይን ብቻ መለካት ያሳስታል።

ዓይኑ ልክ ሆኖም አሰቃቀሉ ሊያበላሸው ይችላል። ተወጥሮ 100 ሜትር የሚሆን መረብ 50 ሜትር ገመድ ላይ ሲሰቀል ዓይኑ በደንብ ተከፍቶ ይቆማል። ያንኑ 100 ሜትር 30 ሜትር ገመድ ላይ ካጨቁት ግን ይልፈሰፈሳል፤ ያኔ ትንሹንም ትልቁንም በክንፉና በእሾሁ እየጠለፈ ይይዛል፣ ዓይኑን ማስፋትዎም ከንቱ ይቀራል።

ጫጩቱን ለአምባዛ ማባበያ ማድረግ

ከዳር ሆነው በሁለት ጫፍ የሚጎትቱት ጥቅጥቅ ያለ መረብ ደንገሉን ይነቅላል፣ የወንዱን ጎድጓዳ ይደመስሳል፣ ጫጩቱንም አግበስብሶ ያወጣል። ያ ጫጩት መንጠቆ ላይ ከሚሰካ፣ ዓሣ ሲበለት የሚጣለው አንጀትና የሥጋ ቁርጥራጭ ለአምባዛ ይበቃል። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው እያሸተተ ስለሆነ፣ የሚሸት ነገር እንዲያውም ይስበዋል።

ጾም ሲገባ ዳር ዳሩን ማስገር

የዓሣ ገበያ የሚደራበትና ቆሮሶ የሚወልድበት ጊዜ አንድ ላይ መዋሉ ብዙዎች ልብ ያላሉት ጉዳይ ነው። ቆሮሶ በሐዋሳ ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል፤ የሚበረታው ግን ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በመጀመሪያው ላይ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በሁለተኛው ላይ ፍልሰታ። በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ በመሆኑ ዋጋው ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ መረቡ ወደ ዳር ይጠጋል፤ እናቶቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው።

በእነዚህ ወራት ከደንገሉ ርቆ ጥልቅ ውሃ ላይ መጣል፣ ጥልቀቱ ከአራት ሜትር በታች የሆነውን ዳርቻም መተው ይገባል። ማኅበራት ይህን ቦታ በግልጽ ምልክት ለይተው በየተራ ቢጠብቁት ከሁሉ ይሻላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ሌሊት ዳር ላይ የሚጣለውን መረብ የሚያየው ግን አስጋሪው ራሱ ነው።

ሆቴልና ምግብ ቤት ያላችሁም አስቀድማችሁ መዘጋጀት ትችላላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ትልልቁን ገዝታችሁ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታችሁ፣ አየር በማይገባው ላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ብታስቀምጡት ጾሙን ያሻግራል። መብራት ሲጠፋ የቀለጠውን ግን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ፤ የዚያኑ ቀን አብስሉት።

መጠኑን ሳያዩ ፊሌቶ መግዛት

ከቆሮሶ ክብደት ፊሌቶ የሚሆነው ሲሶው ነው። ለአንድ ኪሎ ፊሌቶ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ከሆነ ስድስት ይበቃል፤ 150 ግራም የሚመዝን ከሆነ ሃያ ያስፈልጋል። ሃያዎቹ ሳይወልዱ የተያዙ ወይም ገና መውለድ የጀመሩ ናቸው። ቆዳውና ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ይህን ማንም አያይም፤ ዱለት ሲሆንማ ጭራሽ ይደበቃል። አንዱ ቁራጭ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ከሆነ ዓሣው ልጅ ነበር፤ አይግዙት። ቢቻል ሙሉውን ዓሣ መርጠው ፊሌቶውን እዚያው ያስወጡ።

«ጫጩት እንጨምርበት» ማለት

መረቡ ሳይታረም የሚጨመር ጫጩት ያው መረብ ሲሳይ ነው። ሌላ ዘር ማምጣት ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ዝዋይና ቆቃ የገባው ካርፕ የሐይቅ ወለል እየቆፈረ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ውሃ ያደፈርሳል። እንዲህ ያለው ዘር ሐዋሳ ቢገባ መልሶ ማውጣት አይቻልም።

የጠፋ መረብን መተው

በአንድ ነጠላ የናይለን ክር የሚሠራው ብርሃን አሳላፊ መረብ ርካሽ ስለሆነ ሲጠፋ ፈላጊ የለውም። አይበሰብስም፤ ሐይቁ ውስጥ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ዓሣም ወፍም ይገድላል። ሲጥሉ በሁለቱም ጫፍ ስምዎ የተጻፈበት ተንሳፋፊ ያስሩ፤ ነፋስ ከጠነከረ አይጣሉ። ከጠፋ፣ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይና ሦስት አራት የታጠፈ ብረት አስረው፣ በጣሉበት አካባቢ በቀስታ እየቀዘፉ ወለሉን ይጎትቱ። የመረቡን ርዝመትና የጣሉበትን ቦታ ለማኅበሩ ከነገሩ፣ ሌላው ሰው መረቡ ሲያዝበት የማን እንደሆነ ያውቃል።