ያገለገለ ሚኒ ቫን ስትገዛ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ዳማስም በለው ሱዙኪ ኤቭሪም ዳይሃትሱ ሃይጄትም፣ የነዚህ ሞተር ከፊት ወንበር ስር ነው ያለው፣ ስለዚህ ወንበሩን አስነስተህ ካላየህ መኪናውን አላየኸውም። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደሞ ዋጋው ሰማይ ስለነካ ቀለም ቀብቶ መሸጥ አዋጭ ሆኗል።

ከሁሉም በፊት ደላላውን "ሳልመጣ እንዳታስነሱት" በለው። ስትደርስ ሞተሩን በእጅህ ዳስሰው፣ ሞቆ ከጠበቀህ "አሁን ነድቼው መጥቼ ነው" ይሉሃል፣ እሺ በልና ነገ ጠዋት ቤቱ ድረስ ሂድ፣ ምክንያቱም ዋና ዋናዎቹ ችግሮች በቀዝቃዛ ሞተር ነው የሚታዩት።

ጭስ
ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ነጭ እንፋሎት በአዲስ አበባ ብርድ ኖርማል ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካልቆመ ውሃ እየተቃጠለ ነው፣ ወይ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሄዷል ወይ ቴስታታው ራሱ ተጣሟል። የዘይት መለኪያውን ምዘዘው፣ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ በቃ ተመለስ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ሲነሳ ብቻ ቦግ ብሎ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ሲል (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ነው፣ ይሰራል፣ ዋጋ አስቀንስበት። ዳገት ላይ ቤንዚን ስትሰጠው ካጨሰ ግን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፣ ሞተር ማውረድ ይመጣል። ጥቁሩ ያን ያህል አያስፈራም፣ ቤንዚን በዝቶበት ነው፣ ከአየር ማጣሪያው ጀምረህ ካርቦሬተሩን ወይ ሴንሰሩን አስይ።

ሙቀት
የነዚህ ቫኖች ዋና በሽታ ይሄ ነው። ራዲያተሩ ከፊት ሞተሩ ወንበር ስር ሆኖ በመሃል ረጅም ቱቦ አለ፣ ውሃ ሲቀየር አየሩ በደንብ ካልወጣለት ጌጁ ይዋዥቃል፣ ይሄ አየር በማስወጣት ብቻ ይድናል። ሌላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ራዲያተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ላስቲኩ ካለቀ ሜክሲኮ ላይ መንገድ ተዘግቶ ስትቆም ጉድ ይፈላል። ክዳን መቀየር ርካሽ ነው፣ ሶማሌ ተራ ታገኘዋለህ። ቴርሞስታቱም (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደው) መኖሩን ጠይቅ፣ አንዳንድ መካኒክ "ለኛ አገር አያስፈልግም" ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ስህተት ነው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሰራ ቤንዚን ይበላል ቶሎም ያልቃል።

ቼኩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ (ሞቆ በጭራሽ እንዳትከፍት) ክዳኑን ክፈት፣ ውሃው ዝገት ከሆነ ኩላንት አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ክፍት እንደሆነ አስነሳው፣ አረፋው እየቀጠለ ከመጣ ጓርኒሲዮኑ ነው። ከዛ ከድነህ ቬንትሌተሩ ተነስቶ እስኪጠፋ ድረስ ቁመህ ጠብቅ፣ ሻጩ ቢቸኩልም ይጠብቅ።

ዳገት አይወጣም
ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ቤት ንዳው፣ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተከተለ ፍሪሲዮን (ክላች) አልቋል፣ ይቀየራል፣ ሂሳቡን ከዋጋው ላይ ቀንስ። እየተንገጫገጨ ከሆነ ካንዴላ፣ ኮይል ወይ የነዳጅ ፊልትሮ ነው። ከፍታው ብቻውን ከ20 በመቶ በላይ ጉልበት ይወስዳል፣ እውነት ነው፣ ግን "ከፍታው ነው" ብለው ሁሉንም እንዳያሳልፉህ፣ ከፍታ አያንገጫግጭም። ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እግርህን ከቤንዚን አንሳ፣ ማርሹ ራሱ ከወጣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ነው፣ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከኋላ የሚያፏጭ ድምፅ ቤንዚን ስትሰጥና ስትለቅ ከተቀያየረ ዲፈረንሻል ነው፣ መሪ ስታዞር ከተቀያየረ የጎማ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው፣ ይሄኛው ቀላል ነው።

ቦዲና ሻንሲ
ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ በሩ ስር አስጠጋው፣ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ስቱኮ ብቻ አያስፈራም፣ የሚያስፈራው ስር ነው፤ ተኝተህ ግባና ሬንጅ በቅርቡ ተቀብቶ እንደሆነ እይ፣ ጤነኛ መኪና ለገበያ ሲወጣ ማን ሬንጅ ይቀባዋል? ሻንሲው ዝጎ የተበየደ ከሆነ መፍትሄ የለውም። ዝናብ መጥረጊያው ወደ ተሳሳተ ጎን ከተኛ ደሞ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ሊሆን ይችላል፣ ዳሽቦርዱ ስር ያለውን ገመድ ኤሌክትሪሺያን አሳየው።

የሞተር መብራት
ቁልፍ ስትከፍት ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ምልክት መብራት አለበት፣ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል ወይ ሸፍነውታል፣ ኮምፒውተር ሳታስነብብ ወደ ዋጋ እንዳትገባ።

ሁሉም ካለፈ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ፣ እዳና እገዳውን አስጣራ፣ ቀብዱ ከዛ በኋላ ነው፣ ደላላው "ሌላ ገዢ እየመጣ ነው" ቢልህም።