ከሶፍትዌር ማሻሻያ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪናዎ ኤሲ ማቀዝቀዝ ካቆመ

የመኪናዎ ሶፍትዌር ከተሻሻለ በኋላ ኤሲው ሞቃት አየር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ጋዝ አልቋል ብለው ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት በስክሪኑ ላይ ያሉትን ምርጫዎች ይመልከቱ፤ የሙቀት መጠኑ ወይም ኃይል ቆጣቢው አሠራር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ካልሆነም መኪናውን አጥፍተውና ቆልፈው፣ ቁልፉንም አርቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ኮምፒውተሮቹ እንደገና ሲነሡ ችግሩ የሚወገድበት ጊዜ አለ። ደሴ የሚኖሩ ከሆነ ፍተሻውን ኮምቦልቻ ወርደው ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ የደሴ ብርድ የኤሲውን ድክመት ይሸፍናልና።

ጋዝ መሙላት የግድ ከሆነ ግን ከጋዙ ጋር የሚገባውን የዘይት ዓይነት አጥብቀው ይጠይቁ። በቤንዚን መኪኖች የተለመደው ፓግ የተባለው ዘይት ኤሌክትሪክን በበቂ ሁኔታ ስለማይከላከል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራውን ኮምፕሬሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ክፍል) ሊያበላሽና ለአደጋም ሊዳርግ ይችላል፤ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚፈልጉት ፖኢ የተባለውን ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉትን ብርቱካናማ ገመዶችም ያልሠለጠነ ባለሙያ እንዲነካቸው እባክዎን አይፍቀዱ።

በብዙ ሞዴሎች ይኸው ኮምፕሬሰር ባትሪውንም ስለሚያቀዝቅዝ፣ ብልሽቱ ሳይታወቅ ጭነት ይዘው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት ባይወጡ ይሻላል።