ለታይሮይድ ማነስ ቫይታሚን ከመግዛትሽ በፊት

ታይሮይድሽ (አንገትሽ ፊት ለፊት ያለው ዕጢ) ሆርሞን በበቂ አያመርትም ተብለሻል እንበል። ፋርማሲ ሮጠሽ አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን ከማንሳትሽ በፊት ይቺን አንብቢ። (ችግሩ ሴቶች ላይ ስለሚበዛ ነው አንቺ የምለው፣ ወንዶችም ይመለከታችኋል።)

ሐኪም ሌቮታይሮክሲን (የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት) ካዘዘልሽ እሱን የሚተካ ቫይታሚን የለም። ቫይታሚን የሚጠቅመው የጎደለ ነገር ካለ ነው፤ የጎደለውን የሚነግርሽ ደግሞ የደም ምርመራ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ከቲኤስኤች (አንጎል ታይሮይዱን የሚያዝበት ሆርሞን፤ ታይሮይዱ ሲያንስ ከፍ ይላል) ጋር ፌሪቲን (የተከማቸ አይረን መለኪያ)፣ ቢ12 እና ከተቻለ ቫይታሚን ዲ እንዲታይልሽ ጠይቂ። በተለይ ጾም የማትለቂ ከሆነ ቢ12 አትዝለዪ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፣ ሲያንስም ልክ እንደ ታይሮይዱ ያደክማል።

አሁን ከአረብ አገር ወደመጣው ሻንጣ እንሂድ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ያልደረሰው ቤት ያለ አይመስለኝም። ጀርባውን አንብቢ፦ ብዙዎቹ ላይ ባዮቲን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ) 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ይላል፤ ለአዋቂ በቀን 30 ይበቃል። ፀጉርሽን የሚያረግፈው ታይሮይዱ ከሆነ ባዮቲን አያቆመውም። ጭራሽ ምርመራውን ሊያበላሸው ይችላል፤ ቲኤስኤች ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታይና ሐኪሙ መድኃኒቱ በዝቶብሻል ብሎ ሊቀንስብሽ ይችላል። ስለዚህ ደም ከመስጠትሽ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሚው፣ መውሰድሽንም ተናገሪ።

አዮዲን በእንክብል አትግዢ። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ ነፍሰ ጡር 250 ገደማ፣ ይህም በአብዛኛው ከጨው ይገኛል። ጨው ላይ አዮዲን መጨመር በአገራችን ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ግዴታ ነው። ሰኞ ገበያ ተዘርግፎ የሚሸጥ ጨው ካየሽ ግን እለፊውና አዮዲን አለው ተብሎ የተጻፈበትን፣ የታሸገውን ውሰጂ። ቤት ስትገቢ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ወጡ ላይም ሊወርድ ሲል ጨምሪ። ከባሕር አረም የተሠራ እንክብል የሚያመጣልሽ ዘመድ ካለ አመስግነሽ ተዪው፤ የበዛ አዮዲን የታይሮይዱን ችግር ሊያባብሰው ይችላል።

ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ደግሞ በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል። ከ400 ማለፍ የለበትም፣ ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል።

ከምን ይገዛ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቼ ይዋጥ የሚለው ላይ ነው። አይረንና ካልሲየም ከሌቮታይሮክሲን ጋር ሆድ ውስጥ ከተገናኙ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ለያያቸው። ቡናም መድኃኒቱን ያግደዋል፣ ለእሱ ግን አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይበቃል፤ ወሎዬ ደግሞ ያለ ጠዋት ቡና አይሆንለትም። እንዲህ አድርጊ፦ ጠዋት 12 ሰዓት መድኃኒቱን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ዋጪ፣ አቦሉ 1 ሰዓት ይድረስ፣ ቁርሱም ከዚያው ጋር፣ አይረኑ ከምሳ በኋላ። በረመዳን ከሆነ ካፈጠርሽ ሦስት አራት ሰዓት ቆይተሽ ልትተኚ ስትይ መውሰድ ይቻላል፤ ሐኪምሽን አማክሪና አንዱን ሰዓት ያዢ።

«ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚል ብልቃጥ አትንኪ። አንዳንዶቹ ውስጥ ያልተጻፈ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኝቷል፣ ልብ ያስመታል።

የምትወስጂውን ሁሉ፣ የዘመድሽንም ጭምር፣ ጀርባውን በስልክሽ ፎቶ አንሺና በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ አሳዪው።