ደሴ ላይ አልነሳ ያለ ሄሊኮፕተር፦ የጀማሪ ችግርና መፍትሄ

የሪሞት ሄሊኮፕተር የጀመረ ሰው ዕቃ መቀየር ይቸኩላል። ጭራው ሲዞርበት ጋይሮ (ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን መሣሪያ) ያዛል። አልነሳ ሲለው ሞተር፣ ሲንቀጠቀጥበት ብሌድ። ዕቃው ደግሞ ፒያሳ ወርዶ የሚገዛ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ በእጃችሁ ፈትሹ። አብዛኛው ችግር ካቻቢቴ እንጂ ብር አይፈልግም።

"ቤት ውስጥ ይበራል፣ ደጅ ሲወጣ አይታዘዝም"

ይሄ ከመጫወቻ ሱቅ የተገዛው ትንሹ ነው፤ ብሌዶቹ ከላይና ከታች የተደራረቡት። ብዙዎቹ የሚታዘዙት በኢንፍራሬድ ነው። ፀሐይም ኢንፍራሬድ ስለምትረጭ ትእዛዙን ትውጠዋለች። ጥገና የለውም፣ ሳሎን ውስጥ ይብረር። ደጅ ለማብረር በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ የሚሠራ ያስፈልጋል።

"ባትሪ ሰካሁ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ሞተሩ አይነሳም"

ሦስት ነገር እዩ። ሪሞቱ ቀድሞ በርቷል ወይ? ሁልጊዜ ሪሞት መጀመሪያ ይበራል፣ መጨረሻ ይጠፋል። የጋዝ ስቲኩ እስከ ታች ወርዷል ወይ? ካልወረደ ለደህንነት ሲባል ሞተሩ አይነሳም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ጋይሮው ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ፍጹም መንቀሳቀስ የለበትም። ወጣ ገባ ሣር ላይ ንፋስ እያወዛወዘው ከሆነ ራሱን ማስተካከል አይጨርስም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ አስቀምጡትና እንደገና አብሩት።

"ሞተሩ ይጮኻል፣ ሣሩ ይተኛል፣ እሱ ግን አይነሳም"

ደሴ ላይ በብዛት የምትሰሙት እሮሮ ይሄ ነው፤ ሄሊኮፕተሩም አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። የደሴ አየር ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ብሌዱ የሚገፋው አየር በሳሳ ቁጥር የማንሳት ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋብሪካው ያስተካከለው ግን ዝቅ ያለ ቦታ ለሚያበር ሰው ነው።

መፍትሄው ዙር መጨመር ነው። የማንሳት ኃይል ከዙሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የጎደለውን ሩብ ለመመለስ ዙሩን 15 በመቶ ገደማ ማሳደግ ይበቃል። በደቂቃ 2,400 ይዞር የነበረው ወደ 2,760 ይጠጋል ማለት ነው። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት መመሪያው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ዙር እዩ፤ ከዚያ ማለፍ ብሌድ እስከ ማስወንጨፍ ያደርሳል። ዙር የሚጨመረው በሪሞቱ የጋዝ ቅንብር ነው። አልበቃ ካለ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርሳም ጎማ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ በምትበልጥ መቀየር ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ፒች (ወደ ብሌዱ ዝንባሌ) ኑ። ከፍተኛው ፒች 10 ዲግሪ ከሆነ 11 ወይም 12 ሞክሩ። ከዚያ በላይ ሞተሩ ያቃስታል፣ ባትሪው ይግላል፣ ትርፉ ትንሽ ነው። ፒቹ የማይቀየር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ክብደት መቀነስ ብቻ ነው የቀራችሁ። ካሜራና ጌጥ ካለበት ይውረድ።

"እንግዲያው ኮምቦልቻ ወርጄ ላብርር" የሚል አይጠፋም። ጥሩ ነው፣ ግን በጠዋት። ሙቀትም አየርን ያሳሳል። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ሲሆን ያለው አየርና ደሴ በብርዳም ጠዋት ያላት አየር ውፍረታቸው እኩል ለማለት ይቻላል። ሐረጎን ቁልቁል ጠምዝዛችሁ ወርዳችሁ ስድስት ሰዓት ላይ ብታበሩ ያተረፋችሁት ላብ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ግን ልዩነቱን እጃችሁ ላይ ታውቁታላችሁ።

የደሴ ጠዋት በበኩሉ ሌላ ጣጣ አለው። የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ሙሉ ተሞልቶ እንኳ ገና ሲነሳ ይደክማል። የሶኬቱን ጫፍ ሸፍናችሁ ጃኬት ውስጥ ያዙት፣ ለብ ሲል ስኩት። እሳት ዳር ማስቀመጥ ግን እንዳታስቡት።

"ልክ ሲነሳ እንደ እንዝርት ይሾራል"

ጭራው መቆጣጠሪያ አጥቷል ማለት ነው። ሞተሩን ከሚያንቀሳቅሱት 3 ሽቦዎች ነቅላችሁ ጠረጴዛ ላይ ፈትሹ። የጭራውን ስቲክ ወደ ቀኝ ግፉና የጭራው ተንሸራታች (ዘንጉ ላይ እየሄደ የጭራውን ብሌድ ፒች የሚቀይረው) ወዴት እንደሄደ ልብ በሉ። አሁን ስቲኩን ልቀቁና የሄሊኮፕተሩን አፍንጫ በእጃችሁ ወደ ግራ አዙሩ። ጋይሮው ሊመልሰው ስለሚሞክር፣ ተንሸራታቹ ቅድም ወደ ሄደበት አቅጣጫ መሄድ አለበት። በተቃራኒው ከሄደ ጋይሮው ተገልብጧል፣ መሾሩን ራሱ እያባባሰ ነው። ቅንብሩ ውስጥ አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፣ አለቀ።

አቅጣጫው ትክክል ሆኖ ጭራው በፍጥነት ግራ ቀኝ የሚል ከሆነ የጋይሮው ጌይን (የመልሱ ጉልበት) በዝቷል፤ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ቀንሱ። ቀስ እያለ የሚንሸራተት፣ የማይረጋ ከሆነ ግን ጌይን ከመንካታችሁ በፊት ከሰርቮው (ተንሸራታቹን ከምትገፋው ትንሽ ሞተር) የሚመጣውን መግፊያ ዘንግ አላቁና ተንሸራታቹን በጣት ግፉት። ያለ ምንም መያዝ መሄድ አለበት። ከያዘ ዘንጉ ላይ አቧራ ወይም የደረቀ ቅባት አለ። የኮምቦልቻ አቧራ ለዚህ የታወቀ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

ቀጥ ብሎ ሲወጣ ብቻ ጭራው የሚያመልጥ ከሆነ ወደ ቀደመው ችግር ተመለሱ። የጭራው ብሌድም የሚገፋው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ዙር ሲጨመር እሱም ይረጋል።

"ይንቀጠቀጣል"

ሞተሩ ጠፍቶ ዋናውን ብሌድ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የሚቋጥር ወይም የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ኩሽኔታ ነው ወይም ጥርሳም ጎማዎቹ ተጣብቀዋል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ አዙሩት። ወረቀቱ ሳይቀደድ ጥርስ ጥርስ ታትሞበት ከወጣ ልኩ ነው። ከተቀደደ በጣም ጠብቋል።

ከወደቀ በኋላ የጀመረው ከሆነ ዘንግ ጠርጥሩ። ዋናውን ዘንግና ብሌዶቹን የያዘችውን አጭር ዘንግ ፈታችሁ መስታወት ላይ አንከባሉ። በአንድ በኩል ብርሃን ከሾለከ ተጣሟል። ቶርኖ ቤት ወስዶ በመዶሻ ማቃናት አይሠራም፤ የተቃና የመሰለው እንኳ በዚያ ዙር ያርገበግባል። እዚህ ላይ ብቻ ያለ ጥርጥር አዲስ ግዙ። ሁለቱም ዘንጎች ደህና ከሆኑ አንዱ ብሌድ ጫፍ ላይ ቀይ ስኮች ለጥፉና ከሩቅ እዩ። ሁለቱ ጫፎች በአንድ መስመር ካልዞሩ፣ ከፍ ያለውን ብሌድ ፒች የምትይዘውን ቀጭን ማገናኛ በግማሽ ዙር እያስተካከላችሁ አውርዱት።

"ቆሞ ሲንሳፈፍ ወደ ቀኝ ያዘነብላል"

ተዉት፣ ጤነኛ ነው። ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ዋና ብሌድ ያለው ሄሊኮፕተር ጭራው ወደ ግራ ስለሚገፋው፣ ላለመንሸራተት ትንሽ ወደ ቀኝ ማዘንበል አለበት። ይህን ለማስተካከል ሲሉ የተስተካከለውን የሚያበላሹ ብዙ ናቸው።

"ባትሪው አበጠ"

አይሞላም፣ አይበርም፣ ይወገድ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ማብረር ነው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ካረፈ በኋላ 3.7 አካባቢ እንዲሆን ሪሞቱ ላይ ደወል ሙሉ፤ ለጀማሪ 5 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው። ለብዙ ቀን የሚቀመጥ ከሆነ በ3.8 ቮልት ይቀመጥ። 2,200 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ባትሪ በ2.2 አምፒር ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ከመኪና 12 ቮልት ባትሪም ይሠራሉ።

"ሳላስበው ሰው ተሰበሰበ"

ይሄም ችግር ነው፣ ያውም ዋናው። ደሴ ላይ ሄሊኮፕተር አስነስቶ ብቻውን የሚቆም ሰው አላየሁም። ብሌዱ ካርቦን ይሁን እንጨት ሥጋ ይቆርጣል። ሕፃን ሲጠጋ ሄሊኮፕተሩን አሳርፉና የጋዝ መቆለፊያውን አብሩ፤ ከዚያ ከልጆቹ ትልቁን ጠርታችሁ "አንተ ዘበኛ ነህ፣ ከዚህ መስመር ማንንም አታሳልፍ" በሉት። ከእናንተ ቁጣ የእሱ ቁጣ ይበልጣል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ዝር አትበሉ። ሰው አልባ በራሪ ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ጉምሩክ ላይ የእናንተን ከድሮን ለይቶ የሚያይ አትጠብቁ፤ ከመግዛት በፊት ጠይቁ።

"ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ግራና ቀኝ ይጠፋብኛል"

ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። ጭራው ወደ እናንተ ሆኖ መንሳፈፍ ሳይለመድ ፊቱን አታዙሩ። ከዚያ ጎኑን፣ በመጨረሻ ፊቱን። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሲሙሌተር ካገኛችሁ በየማታው ተለማመዱበት፤ እዚያ ሲከሰከስ ዘንግ አይጣመምም። ፊቱ ወደ እናንተ እያለ ካዘነበለ ደግሞ አታስቡ፤ ወዳዘነበለበት ጎን ስቲኩን ግፉ፣ ይቃናል።