ለፓምፕ ጥገና መመሪያ ሥዕል ስትሠሩ

ጎንደር ተቀምጬ ለደምቢያ የውኃ ኮሚቴዎች የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ጥገና ሥዕል እሠራለሁ። ፎቶ አልወድም፤ ፎቶኮፒ ሲደረግ ጥላው ሁሉ ይጠቁርና ብሎኑ ከቧንቧው አይለይም። በመስመር ሣሉ። የዕቃው ዳር ወፍራም፣ ከዕቃው ወደ መለያ ቁጥሩ የሚወስደው መስመር ቀጭን ይሁን፤ መስመሮቹም አይጠላለፉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው አቅጣጫ ነው። ጠጋኙ ቆሞ የሚያየውን ሣሉለት። የእጀታውን ብሎን ሲፈታ እጁና መፍቻው ሥዕሉ ውስጥ ይግቡ፤ የዕቃው መጠን ያኔ ወዲያው ይታወቃል። ፒስተኑ ቧንቧው ውስጥ እየወጣና እየወረደ ውኃ የሚያነሣው ክፍል ነው፤ ጎማውን ደግሞ ለብቻው አጉሉት። ከንፈሩ፣ ማለትም የተከፈተው ጠርዙ፣ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ውኃ አይስብም፣ በትንሽ ሥዕል ላይ ግን ላይና ታቹ አይለይም። ለእጅ እንቅስቃሴ ጥቁር ቀስት፣ ለውኃ ፍሰት ባዶ ቀስት ተጠቀሙ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ አትቀይሩ። ቁጥሩ በአፈታቱ ቅደም ተከተል ይሂድ።

ከዚያ ጽሑፉን ሸፍናችሁ ፓምፕ ፈትታ ለማታውቅ ሴት አሳዩ። «ገባሽ?» አትበሉ፤ በይሉኝታ «አዎ» ትላለች። «እስኪ መጀመሪያ የቱን ትፈቺያለሽ?» በሏት፤ ጣቷ የት ላይ እንደሚያመነታ አይታችሁ እዚያው ቦታ ላይ ሥዕሉን አስተካክሉ።